ሰላምታ የበላው ሰዓት

ለማትረሺኝ የጠረጴዛ ጎረቤቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ልጆቹስ? ያ ትከሻሽ ዛሬም ያምሻል ወይስ ተሻለሽ? ባለቤትሽስ ያንን ጢሙን ተላጨው ወይስ እንደተኮፈሰበት ነው? አይሰልችሽ፣ ሰላምታውን ያስረዘምኩት ሆን ብዬ ነው። አምሮኝ ነው።

አንቺ ከመድን ድርጅቱ ከለቀቅሽ በኋላ ከቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ ተባልን። ጠዋት ጠዋት በኮምፒውተር እንሰበሰባለን። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ታውቂን የለ፣ እኛ ሰላም መባባል ከጀመርን ማን ያስቆመናል፤ አንዱ የልጁን ጥርስ ማብቀል ያወራል፣ ሌላዋ የአከራይዋን ጭቅጭቅ። አለቃችን ለካ ሰዓት ይይዝብን ኖሯል። አንድ ቀን፣ ሰላምታ የስብሰባውን ግማሽ እየበላ ነው፣ ከነገ ጀምሮ በቀጥታ ወደ ሥራ እንግባ አለ። እኔም እውነቱን ነው አልኩ።

እውነቱንም ነበር። ሳምንት ይቆይ የነበረው የካሳ ጥያቄ በማግስቱ ያልቅ ጀመር። ከሁሉም የበለጠው ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ምን ላድርግ፣ ከፋይል በቀር የሚጠብቀኝ የለም። በቀደም ጥቂት ቀን ፈቃድ ስወስድ እንኳ ኮምፒውተሩ ተፈቅዷል አለኝ እንጂ ምን ሆንሽ ያለኝ ሰው የለም። ስመለስም በቀጥታ ወደ ሥራ ገባን። ጠረጴዛዬን አሁን ወደ እማማ ክፍል አዛውሬዋለሁ፣ ብርሃን አለው። አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው። ወረቀት ላስቀምጥበት እጄ እንቢ ስላለኝ መሬት ላይ እደረድራለሁ። ሰው ናፈቀኝ፣ እህቴ።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን ደወለ። የበላዮቹ ቢሮውን ጭራሽ ለአከራዩ ሊያስረክቡት ስለሆነ፣ ከቤት መሥራት እንዴት እንደጠቀመን በሁሉም ፊት አንቺ ተናገሪ፣ ከአንቺ የተሻለ ምስክር የለኝም አለኝ። ተመስግኜ ሞቻለሁ።

ተራዬ ሲደርስ የተዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። አንድ በአንድ ሰላም ማለት ጀመርኩ። ገንዘብ ያዡን ሚስትህ እንዴት ናት አልኩት፤ ከወለደች ቆየች እኮ አለ። ማናችንም አልሰማንም ነበር። ጸሐፊዋ ከባሏ ተለያይታ እህቷ ቤት እንደምትኖር እየሳቀች ነገረችን፤ የሳቀ ግን የለም። አለቃችን ሊያስቆመኝ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ የአባትህ ዓይን ተሻለው ወይ አልኩት። አሁን ጨርሶ አያይም አለ።

ያን ጊዜ ያ አንቺ ሬዲዮ የምትዪው ፋይል አመላላሽ፣ ሁሉን ጠይቀሽ አንቺን ማን ይጠይቅሽ፣ እማማስ ደህና ናቸው ወይ አለኝ። ይህን ጥያቄ ጠዋት ጠዋት ቁጭ ብዬ ስጠብቀው ነበር የከረምኩት። ሲመጣ ድምፄን ዘጋሁና ዕቃ እንደወደቀበት ሰው ጎንበስ አልኩ። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ። ቀና ስል ሁሉም እዚያው ናቸው፣ አንድም ሰው አልወጣም።

የቢሮው ነገር ገና አልተወሰነም። አለቃችን ግን ስብሰባውን ሲዘጋ፣ ነገ ከስብሰባው ሰዓት ቀደም ብለን እንግባ አለ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም።

በይ ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ስትጽፊልኝ እንደ ልማድሽ ለእማማ የምትልኪላትን ሰላምታ እንዳታስቀሪ። ከእንግዲህ የምቀበለው እኔ ነኝ።

የጠረጴዛ ጎረቤትሽ