አንድ መስመር ዝቅ ያለ መልስ

ዲሴምበር 8፣ አርብ፣ ቴጉ፣ ደቡብ ኮሪያ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል። ቤት ውስጥ አባትሽ፣ አክስትሽ ማልሱንና እኔ ነበርን።

ልጄ ሄሪም፣ የጀርመን ብርድ አይንካሽ፣ ያየሽ ሁሉ ይውደድሽ። የአባትሽ ወገብ ተሽሎታል።

እህትሽ ሶልቢ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤቷን ይዛ መጣች። ሒሳብ ከዘጠኙ ደረጃዎች ስድስተኛው! በፈተናው ዕለት መልሶቿን በመፈተኛ ካርዷ ጀርባ ገልብጣ አምጥታ አብረን ስናርም፣ ሁለተኛ ደረጃ እንደማያመልጣት እርግጠኛ ነበርን። የሌላ ሰው ወረቀት መስሎኝ ስሟን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ለካ ከዘጠነኛው ጥያቄ ጀምሮ የመልስ ወረቀቱን ክቦች ሁሉ አንድ መስመር ዝቅ አድርጋ አጥቁራለች። የምቀምመው ጎመን እጄ ላይ ቀረ።

«አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን ምን ጋረደው?» አለች አክስትሽ።

«ተያት አንቺ ደግሞ!» አላት አባትሽ።

ሶልቢ ግን አላለቀሰችም፤ ከውጤቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። «እማ፣ ዓመቱን ልድገም?» ብላ እንደ እንግዳ ጠየቀችኝና በሯን ዘጋች። እራትም አልበላች።

እባክሽ ደውዪላት፤ ቁጥሩን ግን አታንሺባት። መንገድሽ ይቅና፣ ጤናሽ ይብዛ።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ደብዳቤውን ሳላሽግ የሆነውን ልጨምርልሽ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። የባሕር ቅጠል ዘፈዘፍኩ፣ ሥጋውን በሰሊጥ ዘይት ጠበስኩ፣ የልደት ሾርባ ሠራሁ። ቅጠሉ ያዳልጣል፣ የበላውም ፈተና ላይ አዳልጦት ይወድቃል ብለን ዘንድሮ በልደቷ ቀን እንኳ ነፍገናት ነበር። በሯን አንኳኩቼ አስገባሁላት።

«አሁንማ ከወደቅኩ ወዲያ ምን ያዳልጠኛል?» ብላ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። አለቀሰች፣ በላች። ሁለተኛ ሳህን ሞላሁላት።