ለጋሽ ደምሴ ያልደረሰው የውርጭ መልእክት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፣ ጠዋት

ደ/ብርሃን ዛሬ ውርጭ ጥሎ አድሯል። የመ/ቤቱ ቧንቧ ውሃ ረግቷል። እጄን በሻይ ብርጭቆ እያሞቅኩ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። ትናንት ማታ ወደ እነዋሪ የሄደ መልእክት የለም! የኔው ፕሮግራም ነው፤ ውርጭ ሊጥል ሲል እነዋሪ ወዳሉት ገበሬ ወደ ጋሽ ደምሴ ስልክ መልእክት ይልካል፣ እሳቸው ጎረቤቱን ይቀሰቅሳሉ፣ እርጥብ ገለባ አንድደው ማሳውን በጭስ ይሸፍናሉ። ትናንት ማንም አልተነሳም። ምስሩ ተመቷል፤ ያውም ሊያፈራ ሲል።

አለቃዬ ምን ሆኖ ነው አሉ። መብራት ጠፍቶ ነው አልኩ። ጠፍቶም ነበር፣ ግን ከመምሸቱ በፊት ተመልሷል። ይህንን አልተናገርኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ከምሳ በኋላ

አገኘሁት። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ።

ፕሮግራሜ ብቻውን አይሠራም። ሲነሳ ሌሎች ፕሮግራሞችም የሚጋሩትን አንድ ፋይል ይጠራል፣ ላይብረሪ የምንለውን። ኮምፒዩተሩ ያንን ፋይል የሚፈልገው በተነገረው ቦታ ብቻ ነው። እኔ ፋይሉን የራሴ ማኅደር ውስጥ አስቀምጬ፣ ቦታውንም በራሴ ስም ስገባ ብቻ እንዲያውቀው አደረግኩ። እጄ ላይ ሲሠራ አይቼ አለቀ ብዬ አጨበጨብኩ። መብራት ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ራሱ ተነሳ፣ ፕሮግራሙን ራሱ አስነሳ። እኔ የለሁም። ላይብረሪው የት እንዳለ የነገረው የለም። አላገኘሁም ብሎ ጽፎ ቆመ።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጋሽ ደምሴ ደወሉ። እኔን ሊወቅሱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው እቴ! ይቅርታ ሊጠይቁ ነው። እንቅልፍ ጥሏቸው ስልኩን ያልሰሙ መስሏቸዋል። ጎረቤቶቻቸው ሰላምታ ነስተዋቸዋል፤ አንዱማ አውቆ ነው የተኛው ብሏል። ሚስታቸውም አኩርፈዋል። አይዞዎት አልኳቸው። አይዞዎት ብቻ። ምላሴን ምን ያዘው? ስልኩን ዘግቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አፍራለሁ፣ በጣም አፍራለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ረፋድ

ነገርኳቸው። መልእክቱ አልተላከም፣ እርስዎ ተኝተው አይደለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። እሳቸው ግን፦ «ልጄ፣ ለሰው እንዳትናገሪ። አንቺን ከሥራ ያስወጡሻል፤ እኔን ከማሳዬ ማን ያስወጣኛል?»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአለቃዬ እውነቱን ጽፌ ላክሁ። እንደፈለጉ ያድርጉኝ። አሁን ወደ መነኻሪያ ልወጣ ነው፤ እነዋሪ አድራለሁ። ነገ ቅዳሴ ሲያልቅ ጎረቤቶቻቸው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ፊታቸው እቆማለሁ። ጋሽ ደምሴ ተኝተው አይደለም ብዬ እጀምራለሁ፤ ከዚያ መልእክቱን ያላከው የኔ ፕሮግራም መሆኑን እነግራቸዋለሁ።