ስለ ተልባዬ የተናገርኩት ይታረምልኝ

ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ቡራዩ

ጉዳዩ፦ በገዛ አፌ ያጠፋሁትን የሚያርሙልኝ ነርስ በገበያ ቀን እንዲላኩልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በቡራዩ ገበያ ተልባ፣ ሱፍና ሰሊጥ ስሸጥ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ሰው አቤት የሚለው በሌላው ላይ ነው፤ እኔ የመጣሁት ራሴን ከስሼ ስለሆነ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. በጥቅምት ወር ሲስተር ናዝራዊት ከጤና ጣቢያዎ መጥተው በእድራችን ስብሰባ ስለ ጡት ካንሰር አስተማሩን። አትክልት፣ ጥራጥሬና እንደ ተልባ ያለ አሰር የበዛበት ምግብ ማዘውተር፣ መጠጥ አለማብዛት፣ ውፍረትንም መቆጣጠር አደጋውን ሊቀንስ ይችላል አሉ። ተልባን በስሙ ሲጠሩት ተነሥቼ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ጥናቱ ገና እንዳላለቀ፣ ምግብም ምርመራን እንደማይተካ አስከትለው ነግረውናል። እኔ ወደ ገበያ ይዤ የሄድኩት የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ነው።

2. «ተልባ የሚጠጣን ሰው የጡት ካንሰር አይደፍርም» እያልኩ ሸጥኩ። ገበያዬ ደራ፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ነውና፣ ባለፈው ቅዳሜ ወዳጄ ደጊቱ መጣች። የእድራችን አባል ስላልሆነች ትምህርቱን የሰማችው ከእኔ ነው። ጡቷ ላይ ሽምብራ የሚያህል እብጠት ካገኘች ወር እንዳለፋት እየሣቀች አጫወተችኝ። ቶሎ ታዪ ብላት፣ «ጾም ገድፌ አላውቅ፣ ቅባት አልወድ፣ ተልባሽን በየጠዋቱ እጠጣለሁ። አይደፍርም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?» አለችኝ። በጣም ደነገጥኩ። ተሳስቼ ነው ብላት ደግሞ፣ «ለሌላ ደንበኛ ልታስቀሪው ነው» ብላ ሁለት ጣሳ ጨምራ ገዛች።

3. ባለቤቷ ኦቦ ጃራም ለምነው አልሆነላቸውም። በስንት ጭቅጭቅ፣ «ቶሌ፣ እሺ፣ ነርሷ ራሷ ትንገረኝና እሄዳለሁ» ብላ ቃል ገባችልኝ። ደጊቱ ቃሏን አታጥፍም።

ስለዚህ ሲስተር ናዝራዊት በመጪው ቅዳሜ ለግማሽ ሰዓት ከተልባዬ አጠገብ ቆመው የቀረውን ግማሽ እንዲናገሩልኝ እጠይቃለሁ፤ የሰማኝ ደጊቱ ብቻ አይደለችምና። ወንበርና ጥላ አዘጋጃለሁ። ተልባ በጥብጬ ባቀርብላቸው ደስ ባለኝ፤ ጉቦ እንዳይመስል ከምርመራው በኋላ ይሁን። ደንበኛ ቢጎድልብኝ ግድ የለኝም፤ ደጊቱ እንዳትጎድልብኝ እንጂ።

አንድ የምናዘዘው ቀርቷል። ደጊቱ እሺ ካለች በኋላ፣ «አንቺስ ታይተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ቀንም ተመርምሬ አላውቅም። እንግዲህ የሁለት ሰው ተራ ይያዝልን። የእኔ ስም ከደጊቱ በፊት ይጻፍ፤ የፈራች እንደሆነ ከፊቷ ትየኝ።

ከአክብሮትና ከጾም ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ያለምወርቅ ወንዳፍራሽ
ተልባ ሻጭ