መራራው ብልቃጥ

ጎረቤቴ፣ የሆዴ ሰው፣ እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደኅና ነኝ፤ መቀመጥ ብቻ አቅቶኛል። ይኼ የምጽፍልሽ ፖስት ካርድ ላይ ያለው ሐይቅ ከሆስፒታሉ ክፍላችን መስኮት ይታያል፣ ግን ማን አይቶት! ዓይኔ ከልጄ መድኃኒት ብልቃጥ አይነቀልም።

ልጄን አቅም የነሳት፣ እንደነገርኩሽ፣ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጠው ማይቶኮንድሪያ የሚሉት ነገር ሰንፎባት ነው። አዲሱን መድኃኒት ሊፈትኑት ለግማሾቹ ታማሚዎች እውነተኛውን፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ይሰጣሉ። ለማን የትኛው እንደደረሰ ሐኪሙም አያውቅ! ታዲያ እኔ ይኼን እንዴት ልቻለው? ዛሬ ጠዋት ማንኪያዋ ላይ የተረፈውን ላስ አደረግሁት። አመራረሩን ብታዪ! «እውነተኛው ደርሶናል!» ብዬ ስጮኽ ነርሷ ከች አለች።

«እናቴ፣ ያኛውም እንዲመር ተደርጎ ነው የተሠራው። የምትቀምስ እናት እንደማትጠፋ መች አጣነው!» አትለኝም?

ልጄ በሳቅ ፍርፍር አለች። «እማ፣ ምላስሽን የሚቀድም ሳይንስ ተገኘ!» ትለኛለች። እኔ አፈርኩ፣ እሷ ትስቃለች።

እቤት እያለን ትንሽ ከሳቀች ደክሟት ጋደም እንደምትል ታውቂያለሽ። ዛሬ ግን ስቃ ስቃ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ ማበጠሪያ አምጪልኝ አለችኝ። ያበረታት መድኃኒቱ ይሁን የኔ ሞኝነት እንጃ፤ ይኼው ኮሪደሩን ስዞረው እውላለሁ።

ካርዱ አለቀብኝ፣ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ አበቦቼን ውኃ አጠጪልኝ። ለማንም አታውሪ እንጂ፣ ጋደም አላለችም።