ያላመንኩት ወረቀት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ነሽ? እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ወይኔ ያሰኝሻል? ባልሽ ጋሼ እንዴት ነው? የአባባስ ጆሮ? ልጆቹስ አደጉ? እኔ ደህና ነኝ። መቀሱም ጠረጴዛውም ለምደውኛል። እኔ ያልለመድኩት ሰው ማመንን ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

የልብስ ስፌት ፋብሪካችን አዲስ አለቃ ከፈረንሳይኛ ሌላ አይናገርም። ስለዚህ እኛ ጨርቅ ቆራጮቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከመመገቢያ አዳራሹ በላይ ባለችው ክፍል ፈረንሳይኛ እንማራለን። መምህርቷ ፈገግታ ከፊቷ የማይጠፋ ሴት ናት። ያለ ምክንያት ፈገግ የሚል ሰው ደግሞ ያስፈራኛል። ግድግዳውን ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ በሞላባቸው አራት ማዕዘን ወረቀቶች ሸፈነችው። ኪውአር ኮድ ይሉታል። ስልክሽን ስትደቅኚበት ቪዲዮ ይከፈታል። በአንዱ ሰውዬው የሐኪም ወረፋ መጠበቂያ ክፍል ሲገባ የማያውቃቸውን ሰዎች ሁሉ ሰላም ይላል፤ በሌላው ጎረቤቶች ደረጃ ላይ ሲገናኙ እንዴት እንደሚተላለፉ ታያለሽ። የፈረንሳዮችን ባህል የምታስተምረን እንዲህ ነው።

እኔ ግን አላማረኝም። እኔ ወረቀቱን ሳየው እሱም እኔን እንደማያየኝ በምን አውቃለሁ? ስልኬን አጥፍቼ ኪሴ ከትቼ፣ አብራን በምትማረው በፋብሪካው ነርስ ስልክ አያለሁ። ካንተ ስልክ ምን ተገኝቶ ነው የሚሰረቀው ብላ ሳቀችብኝ። ምን እንዳለበት አንቺ ታውቂያለሽ። እማማ ከማረፏ በፊት የመረቀችኝ ድምፅ አለ። ከዚያ ስልክ በቀር የትም የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ላክልኝ ስትዪኝ፣ ኔትወርክ እምቢ አለኝ እያልኩ የሸነገልኩሽ እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ አንዲት እናት ልጇን ባቡር ጣቢያ ስትሸኝ አየን። ጉንጩን ግራና ቀኝ ሳመችው፣ ስትደርስ ደውል አለችው፣ አለቀ። የቀረውን ቆርጠው ደብቀውታል ብዬ ተነሳሁ። እናት እንዲህ በአጭሩ አትሸኝማ! መምህርቷ በጣም ደስ አላትና፣ እንግዲያው የእናንተን አምጡልን፣ እሱንም በኮድ እንሰቅለዋለን አለች። እልህ ያዘኝ። ስልኬን ለነርሷ ሰጥቼ የእማማን ድምፅ አስላክሁላት።

ቤት ስገባ ግን ልቤ አላርፍ አለ። ይቺ መምህርት በሩን አንዴ አግኝታዋለች፣ የቀረውንም ጠራርጋ ትወስዳለች አልኩ። ነርሷ የነካካችውን ሁሉ ላጠፋ ሴቲንጉን ከፍቼ ስነካካ፣ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ተጫንኩ። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እርግጠኛ የሆንኩት ያን ዕለት ነው። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ባዶውን ነበር። እታለም፣ እማማ አልነበረችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ይባስ ብዬ መምህርቷ ናት የወሰደችው አልኩ። የላክሁት ነገር ከእኔ ወጥቶ እሷ ዘንድ የገባ እንጂ ሁለታችንም ጋ የሚኖር አልመሰለኝም። በቀጣዩ ቅዳሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ነርሷ እጄን ይዛ እየጎተተች አመጣችኝ። መስኮቱ አጠገብ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሥሩ «የቆራጩ እናት» ይላል። ባዶውን ስልኬን አውጥቼ ደቀንኩበት። እማማ ልጄ ብላ ጀመረች። መምህርቷ ያን ዕለት ፈገግ አላለችም፤ ምን እያለች ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እየተንተባተብኩ በፈረንሳይኛ ነገርኳት።

አሁን ለአንቺም ልንገርሽ። ምርቃቱ የኔ ብቻ አይደለም። እማማ እኔን መርቃ ስታበቃ፣ ይሄን ደግሞ ለእህትህ አድርስልኝ፣ አደራ ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያንቺ ነው። ኔትወርክ አይደለም የከለከለኝ። የምትደውዪልኝ ለእማማ ድምፅ ስትዪ ነው፣ ካገኘችው ትተወኛለች ብዬ ነው። አንቺንም ተጠራጠርኩሽ። ይቅር በዪኝ።

መምህርቷ አንድ ወረቀት ጨምራ አትማልኛለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ። እንዳታጣጥፊው። መጀመሪያ በጋሼ ስልክ ሞክሩት፤ ምን እንደሚሆን አይታወቅምና ያንቺው ይቆይ። ጋሼንም ስለ ስልኩ ቀድሜ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ በዪልኝ። አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጉለት። ትልቋን ልጅሽን ጎበዝ በዪልኝ፤ ሞጣሞጢቱን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። ጎረቤትሽን ጡረተኛዋን አስተማሪም ሰላም በዪልኝ፤ ደብዳቤውን ግን አታስነብቢያት።

ሰምተሽ ስትጨርሺ ትደውዪልኛለሽ፣ አይደል?

ታናሽ ወንድምሽ

ከፋብሪካው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፪ ቀን