አፍ ስለ ተከለከለው የአጎቴ ድምፅ

የኮምፒውተር ጨዋታ መሥሪያውን ጌም ኢንጂን ለሚያመርተው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለክቡራን ምክትሎቻቸው፣ እንዲሁም ስሙን ሰምተን ፊቱን አይተን ለማናውቀው የደንበኞች ድጋፍ ክፍል፤

ባላችሁበት።

ክቡራን ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ባለበት በሚቆም ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ አፋችሁም እንደ ልባችሁ እየተከፈተና እየተዘጋ ያገኛችሁ ዘንድ ምኞቴ ነው። ወንበርና አፍ ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆኑ የተረዳሁት የእናንተን ፕሮግራም መጠቀም ከጀመርሁ ወዲህ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ።

የሥዕል አስተማሪ ነበርሁ። አሁን በመስኮቱና በልብስ ቁም ሣጥኑ መካከል በተሸጎጠች ጠረጴዛ ላይ አኒሜሽን እሠራለሁ። እሠራለሁ ማለት ይከብደኛል፤ እሞክራለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በሬዲዮ ትረካ ሲያነቡ የኖሩ ሰው። ከጥቂት ወራት በፊት ሐኪሙ ጉሮሯቸውን አይቶ፣ ማንቁርታቸው በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት ነገራቸው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይስቃሉ። አይናገሩም።

እኔ መቅረጫ ይዤ ሮጥሁ። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ሲያስቡ ዋሉና «ድምፄን በጠርሙስ አታስቀምጪው፣ ልጄ። አፍ ፈልጊለት» አሉኝ።

የራሳቸውን ፊት በካሜራ ልቅረጽ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። ፊታቸው ድምፃቸውን እንደማይመስል፣ አድማጭም ሠላሳ አንድ ዓመት በልቡ የሣለውን ሰውዬ አሁን በዚህ አፍንጫ መተካት ክህደት እንደሆነ አስረዱኝ። ስለዚህ አኒሜሽን። ስለዚህ እናንተ፤ ማስታወቂያችሁ «ያሰቡት ሁሉ ይቻላል» ይላልና። እኔ ያሰብሁት አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለእህቱ ታሪክ ሲነግራት ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ። አሁን ሳስበው የበዛ ሐሳብ ነበር።

ታሪኩ የራሳቸው ነው። በልጅነታቸው እሳቸውና እናቴ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ጠፍተው አንድ ሌሊት ደጅ አድረዋል። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ «ወንድሜ መንገዱን ያውቀው ነበር፤ እኔ እያለቀስሁ አምታትቼው ነው የጠፋነው» ትል ነበር። አጎቴ መንገዱን አያውቁትም ነበር። ይህን ነገር አንድም ቀን አልነገሯትም። በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ሊነግሯት ፈልገው ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ማለት ነውር ከሆነም ምስጋናዎቼን፣ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሽማግሌው። ከመጋዘናችሁ ተዘጋጅተው ከቀረቡት ሰዎች መካከል ወታደሮች፣ ባለ ሰይፎች፣ ባለ ክንፎችና ብዙ ዓይነት ጭራቆች አግኝቻለሁ፤ ሽማግሌ ግን አላገኘሁም። በእናንተ ዓለም ሰው ሳያረጅ ስለሚሞት ይህ የሚያስቀና ነው። ለሽማግሌ የቀረበው ከመቃብር የተነሣ ሬሳ ሆነ። ሽበት አለው፣ ጎበጥ ይላል፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ፊቱን አጠብሁለት፤ ሹራብ አለበስሁት። አጎቴ ብዙ ካዩት በኋላ ሟቹን አማቻቸውን እንደሚመስል ተናገሩ። ሟቹ አማቻቸው አባቴ ናቸው።

ችግሩ ሬሳ የተማረውን አይረሳም። እህትየው በገባች ቁጥር ተነሥቶ ወደ አንገቷ ይሄዳል። ሽማግሌውን በአንደኛው ጆይስቲክ የሚያንቀሳቅሱት አጎቴ ናቸው፤ እህትየውን በሁለተኛው የምታንቀሳቅሰው ከኮሪደሩ ማዶ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌቷ በተረፋት ሰዓት፣ ክር ከቀሚሷ ላይ ሳታራግፍ ትመጣለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትነከስ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አኑራ፣ «ጋሼ፣ እህቱ አይደለሁም እንዴ? በሰላም ገብቼ አንገቴ ላይ ምን ያደርጋል?» አለች። አጎቴ በሰውዬው ስም ይቅርታ ጠየቋት። እኔም ቅንብሩን ፈትሼ «ጥላቻ» የሚል ቁጥር አገኘሁ። አንድ ላይ ሳደርገው ይነክሳታል። ዜሮ ላይ ሳደርገው አያያትም። የወንድም ፍቅር እንግዲህ በዜሮና በአንድ መካከል የሆነ ቦታ ነው፤ ፕሮግራማችሁ ደግሞ ክፍልፋይ አይቀበልም።

ሁለተኛ፣ ስለ ወንበሩ። ሕጋችሁ ለሰው ልጅ መቆምን፣ መሮጥን፣ መዝለልን፣ መውደቅንና መጋለብን ፈቅዷል። መቀመጥን ዘንግታችሁታል። ስለዚህ ፈረስ አመጣሁ፤ ፈረሱን እንዳይታይ አደረግሁ፤ በላዩ የወንበር ሥዕል ጫንሁበት። ያማረ ወንበር ሆነ። አጎቴ ጆይስቲኩን በአውራ ጣታቸው ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ግን ሽማግሌው ከነወንበሩ ግድግዳውን በርግዶ ይወጣል፤ የኮቴው ድምፅ ከኋላው ይሰማል። ድምፁ የተደበቀበትን ፋይል ለማግኘት አራት ቀን ፈልጌአለሁ። አሁን ቤቱ ጸጥ ሲል፣ በራሴ ወንበር ላይ ሆኜ፣ ሁለት እግሮቼን ወለሉ ላይ አጥብቄ እተክላለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ዝምታ። አጎቴ በሬዲዮ ዘመናቸው የታወቁት በሚያነቡት ሳይሆን በሚያቆሙበት ቦታ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሱና ዝም ይላሉ። አድማጩ ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት እጁን ሲዘረጋ፣ ያን ጊዜ ይቀጥላሉ። እናንተ ዘንድ ግን አሥር ሰከንድ ዝም ያለ ሰው ተጫዋቹ ትቶት የሄደ ሰው ነው። ስለዚህ ሽማግሌው፣ እናታቸው በር ላይ ቆማ ስትጠብቃቸው እንደ ነበር ተናግሮ ዝም ባለበት ቦታ፣ ክንዱን ዘርግቶ ይንጠራራል፤ አንገቱን ያንቋቋል፤ የሌለ ሰይፉን ከወገቡ መዝዞ ስለቱን ይመረምራል። አሳቢነታችሁ ይገባኛል። እኔም ዝም ስል አንድ ሰው ትቶኝ የሄደ ይመስለኛል። ግን አልንጠራራም። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ይሰማኛል። ከግድግዳው ወዲያ አጎቴ ሲስሉ ይሰማኛል። እቆጥራለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ጥላው። ጥላውን ትቼዋለሁ።

አምስተኛ፣ ዋናው፣ ስለ አፉ። ለሰዎቻችሁ ሁለት ዓይነት አፍ ሰጥታችኋል፤ የተዘጋ አፍና ሲመቱ የሚጮሁበት አፍ። ጩኸቱን በግማሽ ከፍቼ ቶሎ ስዘጋው ንግግር እንደሚመስል ደረስሁበት። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ይከፈታል፤ ሲለቁት ይዘጋል። ታሪኩን በድምፅ ከቀረጽን በኋላ አጎቴ ቁልፉን ለእኔ አልሰጥም አሉ፤ የእሳቸውን አፍ ሌላ ሰው እንዴት ይከፍተዋል? የጆሮ ማዳመጫቸውን አድርገው፣ የገዛ ድምፃቸውን እየሰሙ፣ አርባ ቀን በአውራ ጣት ተናገሩ። የት እንደሚተነፍሱ፣ የት እንደሚፈሩ በጣታቸው አወቁት። አንድ ቀን ቁልፉን ለቀው፣ «እዚህ ጋ ዋሽቻለሁ» አሉና ያን ዐረፍተ ነገር እንደገና አስቀረጹኝ።

ፕሮግራማችሁ ግን እያንዳንዱን የአፍ መከፈት እንደ ቁስል ስለሚቆጥረው፣ ሽማግሌው ሰባተኛው ደቂቃ ላይ በንግግር ብዛት ሞተ። በላዩም «ተሸንፈሃል» የሚል ጽሑፍ መጣ። የሕይወቱን መጠን መቶ ሺህ አደረግሁለት። አንድ ታሪክ ለመናገር መቶ ሺህ ሕይወት እንደሚያስፈልግ ከእናንተ ባልሰማም እጠረጥር ነበር።

ስድስተኛ፣ ስለ ትሕትናችሁ። ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ተቀጠረ። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ዳቦ ልገዛ በወጣሁበት፣ ስክሪኑ ላይ «እባክዎ አዲሱን ማሻሻያ ይቀበሉ» የሚል መልእክት መጣ። አጎቴ ከአድማጭ የመጣን ደብዳቤ ሁሉ በእጃቸው ጽፈው ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ተቀበሉ። ስመለስ ሽማግሌው የቆዳው ሥዕል ጠፍቶበት ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ቆሟል። የአርባ ቀኑ የአፍ ሥራ ጠፍቷል። የፕሮግራሙን የቀድሞ ቅጂ ለደኅንነታችን ስትሉ አንሥታችሁታል። ምን ነካዎት ብዬ ብጠይቃቸው አጎቴ ግራ ተጋብተው አዩኝ፤ «እባክዎ ብሎ የለመነን ሰው እንዴት ዝም ልበለው?»

የሥራችንን ቅጂ ሌላ ቦታ አለማስቀመጤ የእኔ ጥፋት ነው። ይህን እናንተ ሳትነግሩኝ በየቀኑ ለራሴ እነግረዋለሁ።

ሰኞና ማክሰኞ ሽማግሌውን ቆዳ አለበስሁት። ረቡዕ ከጠዋት ጀምሮ አጎቴ ቁልፉን ያዙ። ዓላማቸው ግልጽ ነበር፤ ሐሙስ ሳይደርስ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ማየት፣ የሚስተካከል ቃል ካለም ድምፃቸው ሳይሄድ ማስተካከል። ዘጠኝ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ላይ ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ ተዘጋ። ከመሀል መጀመር አይቻልም፤ ጨዋታ ከመነሻው ካልተሸነፈ አይቆጠርማ። ከመጀመሪያው ጀመሩ። ዘጠኝ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ። ልብስ ሰፊዋ ደንበኞቿን በር ላይ አስጠብቃ እህትየውን አሥራ አንድ ጊዜ አስገባቻት፤ አሥራ አንድ ጊዜ አስቀመጠቻት። እኔ በዚያው መሀል በውይይት መድረካችሁ ላይ ጥያቄ ጻፍሁ። «ነብሩ» የሚባሉ አንጋፋ አባላችሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደረሱልኝ፤ «ለምን እንደ ሰው ጌም አትሠሪም?» አሉኝ። ስለ ፍጥነታቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል የሚወስደን መኪና ጥሩምባ ነፋ። አጎቴ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡና ስንት እንደ ቀረ ጠየቁኝ። ሦስት ደቂቃ አልኋቸው። «ሦስት ደቂቃ ምን አላት» ብለው ጫማቸውን አደረጉ። በመንገድ ላይ ከአፋቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል፣ ክቡራን፣ መብራት ሳያሳይ ስለ ታጠፈ አንድ የጭነት መኪና ነበር። ደጋግሜ አስበዋለሁ። ትክክል ነበሩ፤ አላሳየም።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። እሳቸው ተኝተው ሳሉ እኔ መፍትሔ አገኘሁ፤ ለቀሩት ሦስት ደቂቃዎች ካሜራውን ከሽማግሌው ጀርባ አዞርሁት። አፉ አይታይም፤ ስለዚህ አይከፈትም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ አይዘጋም። ድምፁ ይናገራል፤ እኛ ማጅራቱን እናያለን። ፊልም የሚያሳይ አንድ ወዳጄ አይቶት፣ ፊትን በመደበቅ ኀዘንን መግለጤ እጅግ የበሰለ ምርጫ እንደሆነ ነገረኝ። አላረምሁትም። ሁለት ቀን ያህል እኔም አመንሁት።

አጎቴ ከሆስፒታል ወጥተው አንገታቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ አዩት። ሲያልቅ ዝም አሉ፤ አሁን እንኳ ዝም ያሉት በምርጫ ይሁን አይሁን መለየት አይቻልም። ከዚያ ደብተራቸውን ስበው ጻፉ፦

«የዋሸኋት በማጅራቴ አይደለም። በአፌ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው ማዳመጫቸውን ያደርጋሉ፤ ቁልፉን ይይዛሉ፤ ዘጠኝ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ድረስ ይናገራሉ። ትናንት ሠላሳ ስምንተኛ ሙከራቸው ነበር። በተዘጋ ቁጥር በእጃቸው ምልክት ይሰጡኛል፤ እንደገና።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ካሳ አልፈልግም፤ ይቅርታም ቢሆን ከሌሎች ሥራዎቻችሁ ላይ ጊዜ እንዳይሻማ እሰጋለሁ። ያነሣችሁትን የቀድሞ ቅጂ ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ አውሱን። ፈረሱን ውሰዱት። ሰይፉንም ውሰዱት። መቶ ሺሁን ሕይወት መልሰን እናስረክባለን። አንድ ሰው ለእህቱ «መንገዱን አላውቀውም ነበር» ሲል አፉ ይታይ።

የአሥራ ሁለት ደቂቃ ጨዋታ ማሸነፍ ያቃታት፣ ስለ እናንተ ደግ ደጉን ብቻ ለማሰብ በየቀኑ የምትታገል፣ ለሚቀጥለው ማሻሻያችሁ ከወዲሁ እጅ የምትነሣ፣

ታማኝ ተጠቃሚያችሁ፣ የተራኪው የእህት ልጅ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል፣ የድጋፍ ክፍላችሁ ከሃያ ስድስት ቀን በፊት ላቀረብሁት ጥያቄ የሰጠው መልስ ደረሰኝ። ችግሩ ምናልባት ከድምፅ ፋይሉ ሊሆን ስለሚችል፣ ባለድምፁ የመጨረሻውን ክፍል ጥርት ባለና ከፍ ባለ ድምፅ እንደገና እንዲያነቡት በአክብሮት ጠይቃችኋል። ጥያቄያችሁን ለአጎቴ አድርሻለሁ። እስካሁን ምንም አላሉም።