የሆዳም ልብ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018፣ አጅማን

ሆዴ ውስጥ ያበጠውን ትልቁን የደም ሥር ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ለኩት። አራት ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ሐኪሙ «ከባድ ነገር እንዳታነሺ፤ ከፈነዳ አደጋ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ» አለኝ። ለአሠሪዬ ለማዳም ነገርኳት። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! አራት ሴንቲ ጣቴን አያክልም» ብላ ሳቀች፤ የሳሎኑን ምንጣፍ ጣራ ላይ አውጥተሽ አራግፊ አለችኝ። ደንቆሮ! መደርደሪያዋ ሙሉ መጽሐፍ ነው፤ አቧራውን ከምጠርገው ከእኔ በቀር የገለጠው የለም።

እኔስ ብሆን? ባለቤቴ «ሆዴ ውስጥ ልብ ይመታል» ሲለኝ «የሆዳም ልቡ ሆዱ ውስጥ ነው» ብዬ ሳቅሁበት። በሳምንቱ ሆዱን እንደያዘ ሞተ። የገደለው ይኸው የደም ሥር እብጠት እንደነበረ የገባኝ ዘንድሮ፣ ስለ ራሴ ሕመም ሳነብ ነው።

የማዳም ሳቅ የራሴው ሳቅ ነበር። ምንጣፉን ግን አላነሳሁላትም። ነገ ታባርረኝ እንደሆነ እንጃ።